መታወቂያዋ ያላወቃት ልጅ

በሩ ከኋላችን ሲዘጋ መጀመሪያ የተሰማኝ የበረኪና ሽታ ነው። አንድ የሲሚንቶ መደብ፣ መጋረጃ የሌለው ሽንት ቤት፣ እንደ ፍሪጅ የሚቀዘቅዝ አየር። ጫማዬን ስለወሰዱብኝ በካልሲ ነበርኩ።

ጥፋታችን ከምንኖርበት ግዛት ምክር ቤት አዳራሽ አንነሳም ማለታችን ነው። ትራንስጀንደር ሰዎች መታወቂያቸው ላይ ያለውን ጾታ እንዳያስተካክሉ የሚከለክል ሕግ ሊወጣ ነው ሲባል፣ ሄደን ወለሉ ላይ ተቀመጥን። እኔ የሄድኩት ለአንዲት ልጅ ብዬ ነው። እዚህ በስደት አገር፣ ኦቤትስ የምትባል ከተማ ባለ መጋዘን ውስጥ አብራኝ ካርቶን የምታሽግ፣ የአገሬ ልጅ። ስትወለድ ወንድ ብለው መዝግበዋታል፤ እሷ ግን ሴት ናት፣ የምትኖረውም እንደ ሴት ነው። አብረን ተያዝን።

ከቀትር በኋላ ጠባቂው ሁለት ወረቀት ይዞ መጣ። የሚለውን ልጅቷ ተረጎመችልኝ።

«እማማ፣ ሰባ ስምንት ዓመትዎ ስለሆነ እርስዎን አሁኑኑ ይለቁዎታል።»

«አንቺስ?»

ወደ ሁለተኛው ወረቀት ጠቆመችኝ። «ወንዶቹ ክፍል ነው የሚወስዱኝ። አይዲዬ ወንድ ነው የሚለው።»

አልተነሳሁም።

«ሰባ ስምንት አይደለችም በይው። ሰባ ናት በይው።»

«ዋት?»

«የዲቪ ፎርሜን የሞላው ሰው የተወለድኩበትን ዓመት በእኛ አቆጣጠር እንዳለ ጻፈው። ባንድ ቀን ስምንት ዓመት አስረጀኝ። ትራንስሌት አድርጊለት።»

«እማማ፣ ፕሊዝ! ትራብል ውስጥ ይገባሉ።»

«ገብቻለሁ እኮ። የት ያለሁ መሰለሽ?»

ሳቅ አመለጣትና ተረጎመችለት። ጠባቂው ወረቀቱን አየ፣ እኔን አየ። የሚሠራው ወረቀቱ ላይ ያለው ነው አለ።

«እንግዲያው እንዲህ በይው። የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው፤ ወረቀት ሲዋሽ ግን አውቃለሁ። የእኔ ሲዋሽ ታዝኑልኛላችሁ፣ የእሷ ሲዋሽ ትጨክኑባታላችሁ። ይኼ ምን ዓይነት ፍርድ ነው? እሷን ወንዶቹ ጋ ልትወስዱ ከሆነ እኔ ከዚህ አልነቃነቅም።»

እንባዋ እየወረደ ተረጎመችው፤ አንድ ቃል አልዘለለችም። ሹራቤን አውልቄ አለበስኳት፤ ክንዷን በክንዴ ቆልፌ ተቀመጥኩ። ጠባቂው ሄዶ አለቃውን አመጣ። አለቃው አየንና ተመልሶ ሄደ። ማንም አልወሰዳት። በማግስቱ አብረን ወጣን።

የሕጉ ጭቅጭቅ ዛሬም አላለቀም፤ መታወቂያዋም እንደ ድሮው ነው። እኔ ግን በዕድሜዬ የምኮራበት ቀን የቱ ነው ብትሉኝ ያንን ቀን ነው የምለው።

ባለፈው እሑድ ቤተ ክርስቲያን ይዣት ስገባ፣ አግዳሚው ጫፍ ላይ የተቀመጠች አንዲት ሴትዮ «ይቺ ደግሞ ማን ናት?» ብላ በጆሮዬ ጠየቀችኝ።

ድምፄን አልቀነስኩም።

«አብራኝ የታሰረች ጓደኛዬ ናት። ጠጋ በይላት።»

ጠጋ አለች።