በፕላስተር የተጠገነው መነጽር

ያቺ መነጽሯ በፕላስተር የተጠገነ ነርስ ከጠዋት ጀምሮ የአሠልጣኟን ደም አፍልታለች። ሠልጣኞቹ ኤች አይ ቪ በደማቸው ያለ ታካሚዎችን ስለ ኮንዶም ማማከር ሲለማመዱ ሌላው ይስቃል፤ እሷ ታፈጣለች። በሻይ ሰዓት እንኳ ከማንም ጋር አትቀላቀልም።

«ታካሚዋ ኮንዶም እንዲጠቀም ለባሏ በግልጽ ትንገረው» አለች አሠልጣኟ።

«ትንገረው? እዚህ ተቀምጦ ማውራት ምን ይከብዳል!» ብላ ነርሷ ጮኸች።

አሠልጣኟ ቱግ አለች። «እንግዲያው ነይ፣ አንቺው ታካሚ ሆነሽ አሳይን፣ ሲስተር!»

ባል ሆኖ እንዲጫወት የተመረጠው የላብራቶሪ ባለሙያ እየገለፈጠ ፊት ለፊቷ ተቀመጠ። ነርሷ ወንበሯን ከእሱ አራቀች። መነጽሯን አወለቀችና ዳግም እንዳይሰበር ቀስ አድርጋ የጋዋኗ ኪስ ውስጥ ከተተችው። ከዚያ ፊቷን በክንዷ ጋርዳ፣ «ያለ ኮንዶም አይሆንም» አለችው።