ቁጥር የሌለው ሊፍት

ዘበኛውን ሰው ሁሉ ጋሼ ቁልፍ ይለዋል። ወገቡ ላይ ያንጠለጠለው የቁልፍ እስር ከሩቅ ስለሚያቃጭል፣ ሳያዩት መምጣቱን ያውቃሉ። እሱ ራሱ ግን ድምፅ የለውም። ሰው ሲሰበሰብ ወደ ግድግዳው ጠጋ ይላል። ሊናገር ያሰበው ነገር አፉ ላይ ይደርስና ይመለስበታል።

የሚጠብቀው ፎቅ አቅም ለሌለው ሰው በርካሽ የሚከራይ ነው። ባለቤቱ የቤቶች ድርጅት ነው። ድሮ አንድ ነገር ሲበላሽ ነገሩ ቀላል ነበር። ጋሼ ቁልፍ ለጠጋኙ ይደውላል፣ “ወንድሜ፣ ያ ቧንቧ ደግሞ ጀመረው” ይለዋል፣ ጠጋኙም እየተራገመ ይመጣል። እየተራገመም ቢሆን ይመጣል። ዘንድሮ ግን ድርጅቱ የብልሽት መመዝገቢያ ሲስተም ገዛ። ከዚያ ወዲህ በስልክ ገብቶ ያልተመዘገበ ብልሽት፣ ብልሽት አይባልም። ማንም መፍቻ አያነሳለትም።

ሊፍቱ የቆመው እንግዲህ በዚህ መሀል ነው።

ለሌላው ተከራይ የሊፍት መቆም ድካም ነው። ለስድስተኛ ፎቋ እማማ ግን እስር ቤት ነው። ዳሌያቸው ተሰብሮ ብረት ገብቶላቸዋል። ብረቱ መያዝ አለመያዙ የሚታይበት ቀጠሮ ሐሙስ ነው። እሱ ካመለጠ ሌላ ቀጠሮ የሚሰጠው ከስንት ወር በኋላ እንደሆነ ፈጣሪ ነው የሚያውቀው። ሰኞ ጠዋት ልብስ ሰፊዋ ልጃቸው ስልኳን ይዛ ወደ ጋሼ ቁልፍ ክፍል ወረደች።

“ጋሼ፣ እስቲ ይሄን ነገር አብረን እንየው። የቤት ቁጥር አስገቢ ይለኛል።”

“አስገቢያ።”

“የሊፍት የቤት ቁጥር ስንት ነው?”

ጋሼ ቁልፍ ራሱን አከከ። “ሊፍት እኮ ቤት አይደለም።”

“ኪራይ ቢከፍል ኖሮ ቁጥር ይሰጡት ነበር” አለች።

ባዶ ቢተዉት አልሄድ አለ። ዜሮ ቢጽፉ ቀይ ሆኖ መለሰባቸው። በመጨረሻ ጋሼ ቁልፍ ፈራ ተባ እያለ፣ “የእናንተን ቁጥር ብናስገባውስ? የሚፈለገው ለእማማ አይደል?” አለ። አስገቡት፤ ገባ። “ጥያቄዎ ደርሶናል” የሚል መልእክት መጣ። ጋሼ ቁልፍ ደስ ብሎት የጠረገውን ደረጃ መልሶ ጠረገው።

ረቡዕ ጠጋኙ መጣ። የድሮው አይደለም፣ አዲስ ሰው ነው። የሊፍቱን በር አልፎ ደረጃውን ተያያዘው። ጋሼ ቁልፍ “ወንድሜ፣ እዚህ ነው እኮ” ሊለው አፉን ሲከፍት፣ ሰውየው ስልኩን እያየ “ስድስተኛ ፎቅ ነው የተባልኩት” ብሎ ወጣ። ጋሼ ቁልፍም ምን ያድርግ፣ ተከተለው።

ሰውየው እማማ በር ላይ ሲደርስ ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ እያለ መቃኑን ይዞ ቆመ።

“ሊፍቱ… የት ነው?”

እማማ አልጋቸው ላይ ሆነው ከላይ እስከታች አዩት። “እስቲ ከአልጋው ሥር ፈልገው ልጄ። ቅድም እዚያ ሲገባ አይቼዋለሁ።”

“እማማ፣ አይቀልዱብኝ፤ ሥራ ላይ ነኝ።”

“በምን ወጣህ?”

“በእግሬ።”

“ለምን በእግርህ?”

“ሊፍቱ ስለማይሠ…” ብሎ ስልኩን እንደገና አየ።

ሰውየው ክፉ አልነበረም። እሱ የቤት ውስጥ ጠጋኝ ነው፤ ቧንቧ፣ መብራት፣ የበር ቁልፍ። ሊፍት የሌላ ሰው ሥራ ነው።

“ታዲያ ለዚያ ሰውዬ ንገረዋ!” አለች ልብስ ሰፊዋ።

“እኔ መንገር አልችልም። ሲስተሙ ነው የሚነግረው።”

ስልኩ የሰጠው ምርጫ ሁለት ብቻ ነበር፦ “ተጠግኗል” እና “በቤቱ ውስጥ ችግር አልተገኘም”። ሳልጠግን ጠገንኩ ብዬ አልዋሽም አለና ሁለተኛውን ነካው። ጥያቄው ተዘጋ። ልብስ ሰፊዋ ወዲያው እንደገና ልትልክ ብትሞክር፣ ሲስተሙ ለአንድ ቤት ተመሳሳይ ጥያቄ እስከሚቀጥለው ወር አልቀበልም አላት።

ያንን ቁጥር እናስገባ ያለው ጋሼ ቁልፍ ነበርና፣ በዚያው ቀን ሸሚዝ ቀይሮ ወደ ድርጅቱ ቢሮ ሄደ። ግድግዳው ላይ ትልቅ ስክሪን ተሰቅሏል። የእሱ ፎቅ አረንጓዴ ሆኖ ያበራል። መስኮቱ ጋ የተቀመጠችው ልጅ ትሑት ናት።

“አባቴ፣ የእናንተ ፎቅ አንድም ክፍት ጥያቄ የለውም። ጎበዞች ናችሁ!”

“ሊፍቱ… ቆሟል።”

“ይመዝገብ።”

“ተመዘገበ። ተዘጋ።”

“ከተዘጋማ አለቀ።”

ዞሮ ሊሄድ ነበር፣ እግሩ እምቢ አለው። “ሴትዮዋ ነገ ሐኪም ቤት አለባቸው” አለ ወደ መስኮቱ ተመልሶ። ልጅቷ ግራ ቀኝ አየችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

“እውነቱን ልንገርዎት አባቴ? በደንብ ቢመዘገብም አይሠራም። ለሊፍቱ ገመድ የተያዘው ብር ለሲስተሙ ሄዷል። በየዓመቱ የሚከፈልለት ደግሞ ገና አለ አሉ።”

ጋሼ ቁልፍ “እግዜር ይስጥልኝ” ብሎ ወጣ። የተናደደው መንገድ ላይ ነው። ምን አደረገችልኝና ነው ያመሰገንኳት?

ሐሙስ ጠዋት እማማን ወንበር ላይ አስቀምጠው በአንሶላ አሰሯቸውና መውረድ ጀመሩ። ሁለት ጎረቤቶች ከላይ፣ ጋሼ ቁልፍ ከታች ሆኖ። እማማ በየመታጠፊያው “ቀስ በሉ፣ ሶፋ አይደለሁም!” ይላሉ። እንደምንም ሐኪም ቤት ደረሱ። ብረቱ ይዟል አለ ሐኪሙ። ግን እንዲህ መንገላታት ከእንግዲህ ክልክል ነው፣ ያዘ የተባለው ይለቃል አለ።

ከሰዓት በኋላ ታክሲው በር ላይ ሲያወርዳቸው ልብስ ሰፊዋ ደረጃውን ሽቅብ አየችና እንባዋ መጣ። ጋሼ ቁልፍ የራሱን ክፍል በር ከፈተ።

“ጠባብ ናት… ግን ደረጃ የላትም።”

“አንተስ የት ልትሆን?” አሉ እማማ።

“እኔማ… ዘበኛ አይደለሁ? ሥራዬ ውጭ ነው።”

እማማ ገቡ። ልጃቸው ከላይ ትራስና ድስት ታመላልስ ጀመር። ጋሼ ቁልፍ በርጩማውን አውጥቶ በሩ ሥር ተቀመጠና ነገ ቢሮ ሄዶ የሚናገረውን ለብቻው ይለማመድ ያዘ። “እህቴ፣ ያን ቀን ያመሰገንኩሽ በስህተት ነው…” አይሆንም። “እህቴ፣ ሴትዮዋ አሁን ያሉት እኔ አልጋ ላይ…” ይሄም አይሆንም።

“ምንድን ነው የምታጉረመርመው?” አሉ እማማ ከውስጥ።

“ለቢሮዋ ልጅ የምላትን ነው።”

“ታዲያ ጮክ በል እንጂ! አጠገብህ ሆኜ እኔ ያልሰማሁህን እሷ ልትሰማህ ነው?”

ጋሼ ቁልፍ ጉሮሮውን ጠረገና ከመጀመሪያው ጀመረ።