ከአንኮበር ደብረ ብርሃን ያለ አንዲት ጠብታ ቤንዚን

ደብረ ብርሃን መናኸሪያ ሄዳችሁ «ወልደተንሣኤ የሚባል ሾፌር» ብትሉ የሚያውቅላችሁ የለም። «ጠብታ» በሉ፤ አሥር ሰው ይጠቁማችኋል። ሠላሳ ዓመት በአንኮበር መንገድ ሚኒባስ ሲነዳ አንዲት ጠብታ ናፍጣ በከንቱ አባክኖ አያውቅም። ቁልቁለት ሲያገኝ ማርሽ ፈትቶ ይንሸራተታል። ተሳፋሪው «ሚካኤል ድረስ!» እያለ ሲጮህ እሱ ዞር ብሎ «ዝም በሉ፣ ይሄ በነፃ ነው» ይላል። ይህ ሰው ነው እንግዲህ በሃምሳ ስምንት ዓመቱ ሚኒባሱን ሸጦ፣ ባትሪና ቤንዚን አዳብላ የምትሄድ የቤት መኪና ይዞ ከተፍ ያለው።

መናኸሪያው ጉድ አለ። ጠብታ አበደ ተባለ። ያበደስ አላበደም፤ የሚስቱን አባት ብሎ ነው።

የሚስቱ የብርነሽ አባት መሪጌታ ኃይለ ገብርኤል የአንኮበር የዜማ መምህር ናቸው። ትልቁም ትንሹም «የኔታ» ይላቸዋል። ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው፤ ሁለቱንም ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶታል። ሐኪሙ «ቀላል ሥራ ነው፣ ደብረ ብርሃን ብቻ አምጧቸው» ካለ ሦስት ዓመት አለፈ። ግን ማን ያምጣቸው? ሐኪሙ ይህን ባለ በሳምንቱ በወልደተንሣኤ ሚኒባስ ለለቅሶ ሲሄዱ የናፍጣው ሽታ አጥወልውሏቸው፣ ዳገቱ ላይ አንጀታቸው እስኪገለበጥ አስታወካቸው። መንገድ ዳር ቁጭ እንዳሉ፣ ተሳፋሪው ሁሉ እየሰማ፣ ራሳቸውን ገዘቱ፦ «ከእንግዲህ ነዳጅ እያቃጠለ የሚሄድ ነገር ላይ ብቀመጥ በገዛ ቃሌ የተገዘትሁ ልሁን!»

በቃ፣ ካህን ከገዘተ ገዘተ ነው። በበቅሎ ይምጡ ሲባሉ «ወገቤን» ይላሉ። የንስሐ አባትዎ ይፍቱዎት ሲባሉ «ቢፈቱኝ ማግስቱን ደግሜ እገዘታለሁ» ይላሉ። አርባ ሁለት ኪሎ ሜትር በእግር ደግሞ በዚያ ዕድሜ የማይታሰብ ነው። ብርነሽ ስታለቅስ ወልደተንሣኤ ጢሙን ያሻሻል። ጢሙን ካሻሸ እያሰበ ነው።

አንድ ቀን ነዳጅ ሰልፍ ላይ ቆሞ ሳለ ከኋላው ያለው ባለመኪና ባትሪና ቤንዚን ስለምታዳብል መኪናው ሲያወራ ሰማ። ጠጋ ብሎ፣ «በባትሪ ብቻ ስንት ትሄዳለች?» አለው።

«ወረቀቷ ላይ ሃምሳ አምስት ኪሎ ሜትር ይላል።»

ሃምሳ አምስት! ወልደተንሣኤ ሰልፉን ጥሎ ሄደ። ድፍን የኤሌክትሪክ መኪና ግዛ ያሉትም ነበሩ፤ ለእሱ ግን ቤንዚን ሳይዙ መንገድ መውጣት ሱሪ ሳይታጠቁ ገበያ እንደመውጣት ነው።

ወረቀት ወረቀት ነው፤ የደብረ ብርሃን ብርድ ደግሞ ወረቀት አያነብም። መኪናዋን ገዛ፤ ባትሪዋን ሞላ፣ ነዳ፣ ለካ። አርባ ሰባት ሆነ። ማሞቂያው ሲከፈትማ ሞተሩ በገዛ ፈቃዱ እየተነሣ ቤንዚን ስለሚበላ፣ ማሞቂያ የሚባል ነገር ተከለከለ። ብርነሽ የካህን ልጅ ናትና በባትሪ ሲሄዱ «ጾም»፣ በቤንዚን ሲሄዱ «ፍስክ» ብላ ስም አወጣች። ሞተሩ ሳይታሰብ ሲነሣ «ገደፈች!» እያለች ትስቃለች። ወልደተንሣኤ አይስቅም። አርባ ሰባት ሲቀነስ አርባ ሁለት፣ አምስት ኪሎ ሜትር ትርፍ አለችው፤ እሷን ይዞ ይተኛል፣ እሷን ይዞ ይነሣል።

በኅዳር ቀጠሮ አስያዙና ባልና ሚስት በፍስክ አንኮበር ወረዱ። ሲያድር ባትሪው ሞላ፤ መብራትም እግዜር ይስጠው ሳይጠፋ አነጋ። ጠዋት ወልደተንሣኤ ደስ ብሎት ሲወጣ ምን ያያል? ጎረቤቱ ሁሉ ግቢውን ሞልቶታል። የኔታን ያህል ሰው ባዶ እጁን ይሄዳል እንዴ? አንዱ ግማሽ ኩንታል ገብስ፣ አንዷ ባቄላ፣ አንዷ በሶ፣ የደብሩ አለቃ ደግሞ «ለታመመ ዓይን ሾርባ ጥሩ ነው» ብለው አንድ ሙክት በግ ይዘው መጥተዋል።

«ኧረ መኪናዋ... ክብደት...» አለ ወልደተንሣኤ።

«ምነው፣ ሠላሳ ዓመት ሰው ላይ ሰው ስትጭን አልነበር?» አሉት። ጫነ። እያንዳንዱን ከረጢት ሲያስገባ ከአምስቷ ትርፍ ላይ እየተቆረሰ ሲሄድ ታየው፤ በጉን ሲያስገባ ሊያለቅስ ምንም አልቀረው።

የኔታ መኪናዋን በእጃቸው እየዳበሱ ዞሯት። ከኋላ ጎንበስ ብለው አሸተቱና አንድ ቱቦ ያዙ።

«ይህ የጭስ ማውጫ አይደለም?»

«ነው፣ የኔታ። ዛሬ ግን ይጾማል።»

«ከጾመ እሰየው። ብትገድፍ ግን እዚያው እወርዳለሁ።»

ዳገቱን ተያያዙት። ዳገቱ በባትሪ የሚቀረውን ኪሎ ሜትር የሚያሳየውን ቁጥር እንደ ጅብ በላው። ሲነሡ አርባ ስድስት የነበረው አናቱ ላይ ሲደርሱ ሃያ አምስት ሆነ፤ መንገዱ ግን ሠላሳ ሁለት ቀርቶታል። ብርዱ ያንዘፈዝፋል፤ ብርነሽ አባቷን በመንዝ የሱፍ ባና ጠቅልላ እግራቸውን በበጉ ሆድ ታሞቃለች። ሜዳው ላይ ቁልቁለት በመጣ ቁጥር ሾፌሩ እግሩን ከመርገጫው ያነሣል፤ ባትሪው ጥቂት መልሶ ይጠጣል። የሠላሳ ዓመት ሙያው እዚህ ጋ ዋለለት።

የኔታ ድንገት፣ «ይህ የሚንሿሿው ምንድን ነው?» አሉ።

«ገብስ ነው፣ አባዬ» አለች ብርነሽ።

«ከመኪና ውስጥ ገብስ ይሰማል?» መስኮቱን አስከፈቱና ጆሯቸውን ሰጡ። «ቢጫ ሆኗል?»

«እንደ ወርቅ ሆኗል።»

«ካየሁት ስድስት ዓመቴ» አሉ። ብርነሽ ፊቷን ወደ ሌላው መስኮት አዞረች።

የደብረ ብርሃን ፋብሪካዎች ጣሪያ ብቅ ሲል ቁጥሩ ከአንድ ወደ ዜሮ ሊወርድ ተቃረበ። ቀሪው መንገድ አራት ኪሎ ሜትር ነው። ግማሽ ኩንታሉ፣ ባቄላው፣ በሶው፣ ያ የተረገመ በግ!

ብርነሽ ወደ ባሏ ጠጋ አለች። «ሬዲዮኑን ከፈት አድርገውና ትነሣ፤ አይሰሟትም» ብላ ሹክ አለችው።

የወልደተንሣኤ እጅ ወደ ሬዲዮኑ ሄደ። መቼም ሰው ነው። አራት ኪሎ ሜትር፣ ሦስት ዓመት ሙሉ የተለመነ ዓይን፣ አንዲት ጠብታ ቤንዚን! ግን የኔታ ከኋላው አምነው ተቀምጠዋል፤ ያመነን ሰው ማታለል አቃተው። መኪናዋን ዳር አስያዘ።

«የኔታ፣ አለቀ። አራት ኪሎ ሜትር ቀረን። ከዚህ ንቅንቅ ብንል ትገድፋለች።»

ብርነሽ ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች። አሁን ነው «መልሱኝ» የሚሉት። ቢመለሱ ደግሞ ዳግመኛ አይወጡም፤ ሁለቱም ያውቁታል።

የኔታ በሩን ዳብሰው ከፈቱ። መቋሚያቸውን መሬት አስነኩና ወረዱ።

«አራት ኪሎ ሜትር ነው ያልከኝ? አራት ኪሎ ሜትር ለመሄድ ደግሞ መኪና ምን ያደርጋል? ና ምራኝ።»

ብርነሽ መሪውን ያዘች። ሞተሩ ተነሣ፤ በጉ የኔታ በለቀቁት ወንበር ላይ አንገቱን አስግጎ በመስኮት እያየ በፍስክ ተጓዘ። እሱ አልተገዘተ! የፋብሪካ ሠራተኞች በሳቅ ሞቱ። «ጠብታ፣ በግ በመኪና ካህን በእግር?» ይሉታል። መልስ የሚሰጥበት ትንፋሽ ከየት ይምጣ? ሠላሳ ዓመት ተቀምጦ የኖረ ሰው ነው፤ የኔታ ግን በየቀኑ ደብር የሚወጡበት እግር ነውና እሱን ይጎትቱታል።

የሆስፒታሉ አጥር ጋ ሲደርሱ የኔታ እርምጃቸውን ቀነሱ። የወልደተንሣኤን እጅ ጭምቅ አድርገው ይዘዋል።

«ስማኝማ። ናፍጣው ሰበብ ነበር። ቢላዋውን ፈርቼ ነው።»

«አውቃለሁ፣ የኔታ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ያን ዕለት መንገድ ዳር ሲገዘቱ ጀምሮ።»

የኔታ ቆሙ። «ታዲያ እያወቅህ ይህን ሁሉ ብር አውጥተህ መኪና መግዛትህ ምን ሊረባህ ነው?»

ወልደተንሣኤ ላቡን በጋቢው ጠረገ። «ሰበብዎን ልጨርስብዎ ብዬ።»

የኔታ ከት ብለው ሳቁ፤ መቋሚያቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። ከዚያ ሳቁ አለቀና በሩ ቀረ።

«ጨረስከው፣ ልጄ» አሉት። «በል አስገባኝ። እጄን ግን እንዳትለቀኝ።»

አልለቀቃቸውም።