የታደሰ ድብ

መከር ሲገባ የዙሪክ ምግብ ቤቶች የአደን ሥጋ መምጣቱን የሚያበስር ጥቁር ሰሌዳ ደጃቸው ላይ ያቆማሉ። አጋዘን፣ ሚዳቋ፣ የዱር አሳማ። ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት ከሰፈሬ ከዜባህ በትራም መጥቼ ወደ ባቡር ጣቢያው ሳቀና አንዱ ሰሌዳ ፊቴ ድቅን አለ። ሌላ ጊዜ ቢሆን አይቼ አልፈው ነበር። በዚያ ቀን ግን የምሄደው ጄኔቭ ነው፤ ወደ ታደሰ የአርባ ቀን ተዝካር። ባለቤቱ አስካለ ስትደውልልኝ የሞተው በልብ ሕመም ነው አለችኝ። እውነቷን ነው፤ ልቡን የጎዳው ግን ድብ ነው። ድቡ አልበላውም፤ እሱ ነው ድቡን የበላው።

ባቡሩ ውስጥ መስኮት አጠገብ ተቀመጥኩ። ውጭው ጭጋግና የታጨደ ማሳ ብቻ ስለነበር ማሰብ እንጂ ሌላ ሥራ አልነበረኝም።

ወጣት ሳለን እኔና ታደሰ ዜባህ ውስጥ አንዲት ክፍል በጋራ ተከራይተን እንኖር ነበር። እኔ ሰይድ፣ የደሴ እስላም፤ እሱ ቄራ አካባቢ ያደገ የአዲስ አበባ ክርስቲያን። ሁለታችንም አንድ ምግብ ቤት ዕቃ አጣቢዎች ነበርን። እኔ የክርስቲያን ሥጋ አልበላም፣ እሱም የእስላም አይበላም። እኛ ወሎ ለዚህ መላ አለን፤ ሠርግ ሲሆን የእስላሙ በሬ ለብቻ፣ የክርስቲያኑ ለብቻ ይታረዳል። ሁለት ስደተኞችና አንዲት ድስት ግን ምን ያደርጋሉ? አንድ ቀን ታደሰ፣ “ሥጋ የሚባል ነገር እዚህ ቤት አይገባም፣ አለቀ!” አለ። ከዚያ ወዲያ ኑሯችን ምስርና ሽሮ ሆነ። የሚሠራው እሱ ነበር፤ ሽሮው ሁልጊዜ ጨው ያንሰዋል። ስነግረው፣ “አንተ አፍህ ባለጌ ነው” ይለኛል።

የቄራ ልጅ ሽሮ እየላፈ የሚኖረው ለእኔ ብሎ እንደነበር አውቃለሁ። በሕልሙ ጥሬ ሥጋ ይቆርጥ ነበር። ጠዋት አልጋው ላይ ቁጭ ብሎ፣ “ዛሬ ደግሞ ሻኛ ነበር” ሲለኝ በሳቅ እፈርሳለሁ። አሁን ሳስበው አያስቅም።

የምግብ ቤቱ ባለቤት፣ ሁላችንም ሼፍ የምንለው ቀይ ሽማግሌ፣ አዳኝ ነበር። ስዊዘርላንድ ውስጥ ድብ መግደል ስለማይፈቀድ ጥቁር ድብ ለማደን ካናዳ ድረስ ይሄዳል። በዚያ ዓመት ሥጋውን በበረዶ አስይዞ መጣና ለወዳጆቹ በቀይ ወይን ሲቀቅለው ዋለ። የድብ ሥጋ ይጣፍጣል ወይ ብትሉኝ፣ አልቀመስኩም። ሽታው ግን ላት ከማር ጋር የቀለጠ ይመስል ነበር። እንደ ሼፍ አባባል የጫካ ፍሬ ሲበላ የከረመ ድብ ሥጋው ጣፋጭ ነው፤ ዓሣ የለመደው ግን ለውሻም አይሆንም። ከዚያ ለታደሰ አንድ ቀይ ቁራጭ ቆርጦ ሰጠውና፣ “ደህና አድርገህ ቀቅለው፤ መሃሉ ቀይ ሆኖ እንዳትበላው” አለው። ታደሰ በደንብ ሰምቶታል።

የምሳ እንግዶች ወጥተው፣ የማታው ሥራ እስኪጀመር ወጥ ቤቱ ለእኛ ብቻ ቀረ። ታደሰ ቢላዋ ይስል ጀመር።

“ምን ልታደርግ ነው?” አልኩት።

“ክትፎ።”

“ሰውዬው ቀቅለው ብሎሃል እኮ።”

“እሱ ፈረንጅ ነው። በረዶ ውስጥ የከረመ ሥጋ ምን ይኖረዋል? ቢበዛ ኮሶ ነው፤ የኮሶን መድኃኒት ደግሞ ድሮ እናውቀዋለን።”

“ታዴ፣ ድብ እኮ ለአንተም እርም ነው። ሰኮና የለው፣ አያመሰኳ! ለእኔም ክራንቻ ያለው አውሬ ነው።”

ሳቀ። “እንግዲያው የእስላምም የክርስቲያንም ሥጋ አይደለማ! ማንም አይቀየመንም።”

ከትፎ ከትፎ፣ ከአገር ቤት የተላከለትን ሚጥሚጣ ነሰነሰበት፤ ቅቤ አፈሰሰበት። እሳት እንኳ አላሳየውም። ዓይኑን ጨፍኖ ሲበላ እንባው ዱብ ዱብ ይል ነበር። ሚጥሚጣው ነው አለኝ። ሳህኑን ከጠረገ በኋላ ግን ፊቱ ተለወጠ።

“ሰይድ፣ በእናትህ፣ ጋሽ መኮንን እንዳይሰማ።”

“ወላሂ ከእኔ አይወጣም” አልኩት።

ጋሽ መኮንን ታደሰ የሚሳለምበት ቤተ ክርስቲያን ሰብሳቢ ነበሩ፤ የሐበሻ ሁሉ አስተርጓሚም እሳቸው ናቸው። ታደሰ እዚያ ይዘምር ነበር። ዘመድ የለውም፤ እሑድ እሑድ “ታደሰ መጣ” የሚሉት እነሱ ብቻ ነበሩ።

ሳምንት አለፈ፣ ሌላም ተጨመረ። ከዚያ ታደሰ ትኩሳት ያዘው። ሰውነቱ ተቆረጣጠመ፤ የዓይኑ ቆብ አብጦ ፊቱ የታደሰ መሆኑ ጠፋኝ። ሆስፒታል ገብቶ ሐኪሞቹ ወባ ነው ብለው ደሙን መረመሩ፤ አይደለም። ኩላሊቱን አዩ፤ ደህና ነው። በመጨረሻ መተንፈስ ሲያቅተው ልቡን የሆነ ነገር እያጠቃው እንደሆነ ተናገሩ፤ ምን እንደሆነ ግን አላወቁም። ሐኪሟ ምን እንደበላ በዝርዝር እንዲነግራት ጠየቀች። የምትጠይቀው በጋሽ መኮንን አፍ ነው።

“ምን በልተህ ነበር ትልሃለች፣ ልጄ።”

“ሽሮ፣ ጋሼ። ምስር።”

“ሌላስ?”

ታደሰ ባበጠው ዓይኑ እኔን እኔን ያያል። “ሌላ የለም” አለ።

ሐኪሟ መዝግባ ልትወጣ በሩን ያዘች። ምክንያቱ ሳይታወቅ አንድ ቀን ቢያድር እንደሚሞት ፊቷ ላይ ይነበብ ነበር። በዚያች የወጥ ቤት ጀርመንኛዬ፣ “ድብ በልቷል፤ ጥሬውን” አልኳት። ሐኪሟ እየሮጠች ወጣች። በረዶ የማይገድለው፣ የአውሬ ሥጋ ውስጥ የሚኖር ትል ነው አሉን በኋላ፤ የሰው ጡንቻ ውስጥ ገብቶ ይተኛል፤ ኮሶ አይነካውም።

ጋሽ መኮንን ወደ አልጋው ጎንበስ ብለው፣ “እውነት ነው?” አሉት። ታደሰ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

መድኃኒቱ ደረሰለት፤ ልቡ ግን እንደ ድሮው አልሆነም። ከዚያ የባሰው ውጭ ይጠብቀው ነበር። የተቆጣው የለም፤ ቄሱም ንስሐ ሰጥተውታል። ግን ስም ወጣለት፦ ታደሰ ድቡ። የቤተ ክርስቲያኑ ልጆች ሳይቀሩ በጀርመንኛ እየጠሩት ይስቁ ነበር። መዝሙሩን ተወ፤ ሻንጣውን አዘጋጀ። ወደ ጄኔቭ ሊሄድ ሲል፣ “ሥጋዬን አትርፈሃል፤ ስም ግን ከመቃብር በላይ ይውላል” አለኝ። ከዚያ በኋላ ስልኬን አንስቶ አያውቅም። እኔም የወላሂዬን ጾም ጾምኩ። የፈረሰ መሐላ በጾም ይሰረያል፤ የእሱን ዝምታ ግን በምን ላድርገው?

ተዝካሩ ጄኔቭ ውስጥ ፕላንፓሌ የሚባል ሰፈር አጠገብ በኪራይ አዳራሽ ነበር። በክርስቲያን ድግስ እንደ ልማዴ ከጥግ ተቀምጬ ሻይ ጠጥቼ ልመለስ አስቤ ነበር። አስካለ መጥታ እጄን ይዛ ወደ መሃል ወሰደችኝ። ትሪው ላይ ምስር፣ ጎመን፣ ሽሮ። የሚቀጥለውም ትሪ እንዲሁ። ቅዳሜ ነው፣ ጾም አይደለም፤ በአዳራሹ ሁሉ አንዲት ቁራጭ ሥጋ የለችም። ሰዉም ያጉረመርማል።

“ምነው?” አልኳት።

“እሱ ነው ያዘዘው” አለች። “‘ሰይድ ከመጣ ለብቻው እንዳይበላ፤ ተዝካሬ ላይ ሥጋ የሚባል አይግባ’ ብሎኛል። የማውቀው ይህንን ብቻ ነው፤ እርስዎ ምክንያቱን ያውቁት ይሆናል።”

ማልቀስ ነበረብኝ፤ ግን ተናደድኩ። ስንት ዓመት ሙሉ አንድ ስልክ አንስቶ ና ሽሮ ብላ ማለት አቅቶት፣ ለተዝካሩ ይጠራኛል? ወደዚያ ቀን ብመለስ ዛሬም እናገራለሁ። እሱም ዛሬም ይቀየመኛል። ሁለታችንም ትክክል ነበርን መሰለኝ፤ ይህ ደግሞ ማንንም አይጠቅምም።

ከትሪው ማዶ ጋሽ መኮንን ተቀምጠዋል፤ በጣም አርጅተዋል። ቢስሚላህ ብዬ ቆረስኩ። የልብ ሕመምተኛ ቤት ምግብ ነውና ሽሮው ጨው አንሶት ነበር። ጋሽ መኮንን፣ “ጨው አምጡልን” ሊሉ ሲሉ እጃቸውን ያዝኩ።

“ይተዉት፣ ጋሼ” አልኳቸው። “ታዴ እንዲህ ነው የሚሠራው።”