ብርድ ፍለጋ የሄደው ባሉጥ

ከኩታበር የወጣሁት ሱብሒ ሳይሰገድ ነው። ሰው እንዳያየኝ ብዬ አይደለም፤ ሰርቄ ወይም ገድዬ አልተሰደድኩም። አባታችን ሲሞት የተወልን መሬት ለሁለት ብትቆረጥ ለአንዳችንም የማትበቃ ሆነች። ታናሼ ሰይድ እርሻ ይወዳል፤ እኔ ደግሞ የትም ብሄድ እጄ ያበላኛል ብዬ ሙሉውን ለቀቅሁለት። እንዲህ ያደረገ ታላቅ ወንድም በአገራችን ስንት አለ? ቁጠሩና ንገሩኝ። ሰይድ ፋኖስ ይዞ እስከ አስፋልቱ ሸኘኝ። ጤዛው እስከ ጉልበታችን አርሶናል። ሚስቴ ገና ጥርስ ያላበቀለችውን ዘይነባን አዝላ ከኋላ ትመጣለች።

"ጋሼ፣ ብርድ ልብስ እንኳ ሳትይዝ?" አለኝ።

"እኔ በምሄድበት አገር ብርድ ልብስ የሚለብሰው እብድ ነው" አልኩት፤ በጨለማው ውስጥ ሳቅን።

ከባቲ ቁልቁል ስንወርድ የጭነት መኪናው መስኮት ክፍት ነበር። ሚሌ ልንደርስ ስንል ፊቴን እሳት ገረፈኝና "ሾፌር! ሞተሩ ነደደ!" ብዬ ጮህኩ። ሾፌሩ መሪው ላይ ተደፍቶ ሳቀ። "ነፋሱ ነው፣ ወሎዬው! ገና መች ነካህና!" አለኝ። በእኛ አገር ነፋስ ሲመጣ ሰው ጋቢ ይደርባል፤ እዚህ በር ይዘጋል። በእኛ አገር ውሃ ከምንጭ ሲቀዳ ጥርስ ይቆረጥማል፤ እዚህ ከቧንቧ ሲወርድ ሻይ ለማፍላት ግማሽ መንገድ ሄዷል። ለሰላሳ ዓመት ያህል የጠጣሁት ይህንን ነው።

መጀመሪያ ያረፍነው አዋሽ ሰባት ኪሎ፣ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ነበር። አንድ ሆቴል አትክልተኛ ሆኜ ገባሁ። ስለ አትክልት ያስተማረኝ የለም፤ ማንም። ተክዬ፣ ቆርጬ፣ አድርቄ፣ እንደገና ተክዬ ነው የተማርኩት። እዚያ አውቶቡስ ለምሳ ሲቆም የምትጠለሉበት የኒም ጥላ ካለ እኔን መርቁኝ፤ አብዛኛው የእጄ ሥራ ነው። ኋላ ባቡሩ ቆመ፣ ሆቴሉም ቀዘቀዘ። የዘይነባን እናትም ወባ ወሰዳት፤ አላህ ይዘንላት። ልጄን ይዤ ወደ ሰመራ ተሻገርኩ። ሰመራ ያን ጊዜ ቢሮ እንጂ ዛፍ አልነበራትም። ዛፍ የሌለው ከተማ ለእኔ ዓይነቱ ሰው የተዘረጋ ገበታ ነው። ሥራ ፈትቼ የዋልኩበት ቀን ትዝ አይለኝም።

ዘይነባ አድጋ የአባቷን እግር ወረሰችና ሊባኖስ ሄደች። ከቤይሩት በላይ፣ ተራራ ላይ ባለ ቤት፣ አንዲት አሮጊት ማዳም ዘንድ ተቀጠረች። በየጁምዓው ትደውላለች።

"አባዬ፣ እዚህ እንደ ኩታበር ይበርዳል።"

"ኩታበርን የት ታውቂውና ነው?"

"አንተ አይደለህ በየቀኑ የምትነግረኝ?"

ቦንሳይ የሚባለውን ነገር የሰማሁት ከእሷ ነው። ማዳሟ የባሉጥን ዛፍ ከፍሬው አብቅላ፣ ሥሩንና ቅርንጫፉን እየከረከመች፣ ሳህን በሚያክል ዕቃ ላይ ታሳድጋለች። ሜዳ ላይ ቢሆን መንደር የሚያስጠልል ዛፍ እዚያ ክንድ አያክልም፤ ግንዱ ግን እንደ ሽማግሌ እጅ የተጨማደደ ነው። የምታጠጣቸው ዘይነባ ነች።

"ፍሬውን ላኪልኝ" አልኳት። "ማዳምሽን አስንቃታለሁ።"

ሳቀች። አገሯ በምትገባ ጓደኛዋ እጅ፣ ካልሲ ውስጥ ቋጥራ ላከችልኝ። የባሉጥ ፍሬ ካላያችሁ፣ ቆብ ያጠለቀ ትልቅ ለውዝ ነው። "አባዬ፣ እኔ ስመጣ አንዱን እንኳ ቆሞ ላግኘው" አለችኝ። ሌላ ነገር ለምናኝ አታውቅም። ከዚያ ቀን ጀምሮ የምኖረው ለዚህ ነበር።

ፍሬው ብርድ ካልቀመሰ ደህና አይነቃም ብላኛለች። በሰመራ ብርድ ያለው የአገሬ ልጅ ሙሄ ሱቅ ውስጥ፣ ለስላሳ የሚያስቀምጥበት ፍሪጅ ውስጥ ነው።

"ሙሄ፣ ማደሪያ ፈልጌ ነበር።"

"ለማን?"

"ለፍሬ።"

"ወላሂ ጋሽ ይማም፣ ሰው በቁሙ እየተጠበሰ አንተ ፍሬ ታቀዘቅዛለህ?"

አስገባልኝ ግን፤ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልዬ ከታች መደርደሪያ አስተኛኋቸው። የጅቡቲ መስመር ሾፌሮች ፍሪጁን ሲከፍቱ "ይሄ ቴምር ስንት ነው?" ይላሉ። ሙሄም "አይሸጥም፤ የጋሽ ይማም ልጆች ናቸው፤ ቀስ ብላችሁ ዝጉ፣ ተኝተዋል" ይላቸዋል።

ሲወጡ ውሃ ውስጥ ጨመርኳቸው። የተንሳፈፈው ባዶ ነው፤ የሰመጠውን ተከልኩ። ብቅ ሲሉ ቁልቁል የሚወርደውን ዋና ሥር በምላጭ ቆረጥኩ፤ ካልተቆረጠ ሳህን ውስጥ አይገባም። ሳህኑን ከዘይት ጀሪካን ቂጥ ሠራሁ። ቅርንጫፍ ማጠፊያ ሽቦ ከጋራዥ፣ ከተቃጠለ ዲናሞ የወጣ መዳብ አገኘሁ። የማዳሟ ሽቦ ከውጭ በፖስታ የሚመጣ ነው አሉ። የእኔን ዛፎች ፎቶ ዘይነባ ስታሳያት "አባትሽ የት ነው የተማረው?" ብላ ጠየቀች። "ከራሱ ነው በያት" አልኩ።

የቤት አከራዬ ኡመር የአፋር ሰው ነው፤ ፍየል ያረባል፤ ከዛፍ ጋር ፍቅር የለውም። ውሃ በቦቴ ሲመጣ በርሜሌን ተደግፎ ይቆማል።

"ይማም፣ ቤቱን ሳከራይህ ስንት ነበራችሁ?"

"አንድ።"

"አሁን ስምንት ሆናችሁ ውሃ ትጠጣላችሁ።"

"ዛፎች ናቸው።"

"ፍየል የማይበላው፣ ሰው የማይጠለልበት፣ ለማገዶ የማይሆን። ይህ ዛፍ ነው ወይስ በሽተኛ ነው የምታስታምመው?"

"ኡመር፣ አንተ ይህ አይገባህም።"

"እኔማ ፍየሌ ከከሳች አርዳለሁ" ይልና ይሄዳል። ማታ ግን ነፋሱ ሲነሳ የራሱን ሸራ አምጥቶ ሲያለብሳቸው አግኝቼዋለሁ። ምን ታደርጋለህ ስለው "ፍየሎቼ እንዳይመረዙ ነው" አለኝ።

ኡመር እውነቱን ነበር፤ በሽተኞች ነበሩ። የቅጠላቸው ጠርዝ ይቃጠላል፣ አዲስ ያወጣሉ፣ እሱም ይቃጠላል። ዘይነባ የማዳሟ ባሉጦች በብርዱ ወራት ራቁታቸውን እንደሚቀሩና እንደሚተኙ ነግራኛለች። የእኔዎቹ ግን ዓመት ከዓመት ዓይናቸውን እንደገለጡ ናቸው። ሰመራ ውስጥ ማን ያስተኛቸዋል? ሌሊቱ የቀኑ ወንድም ነው። ፍሪጅ እንዳላስገባቸው ቅጠል ያለው ነገር ፀሐይ ይፈልጋል። የማውቀውን ሁሉ አደረግሁ፤ የማውቀውም ጥቂት አይደለም። እርጥብ ጆንያ ከበብኳቸው፣ ከነፋስ ጋረድኳቸው፣ ከቦታ ቦታ አዞርኳቸው። አንድ በአንድ ደረቁ። እስትንፋሷ ሳያልቅ የቀረችው አንዲት ብቻ ነበረች።

በዚያ መሃል ልጄ ባለችበት ሊባኖስ ቦንብ መውረድ ጀመረ። መጨረሻ የደወለችልኝ ጁምዓ አልነበረም።

"አባዬ፣ ማዳም ልጆቿ ጋ ሄደች፤ ቤቱ ተዘጋ። እኔ ከልጆቹ ጋር ወደ ታች እወርዳለሁ።"

"ከየትኞቹ ልጆች?"

"ከእኛ አገር ልጆች ጋር። ስደርስ እደውላለሁ። ባሉጡ እንዴት ነው?"

"እንደ አንበሳ ነው" አልኳት።

ከዚያ ወዲህ ስልኳ አይጠራም። ቤይሩት የነበሩትን ጠየቅሁ፣ ተመልሰው የመጡትን ጠየቅሁ፤ ከእሷ ጋር ወረድኩ የሚል አላገኘሁም።

የአፋርን ዳጉ ታውቃላችሁ። ሁለት ሰው ሲገናኝ ያየውንና የሰማውን ሳያወራርድ አይለያይም። በእኛ አገር ሰላምታ ረጅም ነው፤ ግን ደህና ነኝ ብለህ ታመልጣለህ። ከዳጉ ግን ማምለጫ የለም። ኡመር በየማለዳው "ምን አየህ? ምን ሰማህ? ልጅህስ?" ይለኛል። ምንም፣ ምንም፣ ምንም እላለሁ። አንድ ቀን ስለ ፍየል፣ ስለ ዝናብ፣ ስለ መኪና ጠየቀኝና ወደ ፍየሎቹ ሄደ። ስለ ልጄ መጠየቅ ተወ። ዳጉ የሚያጎድል አፋር ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ቤቴ ገብቼ በር ዘጋሁ።

ባሉጧን ብርድ ላሳያት ብዬ ወሰንኩ። እኔ ራሴ ደጋ መውጣት አልችልም፤ ለእናታችን ለቅሶ ወጥቼ ብርዱ ደረቴን ዘግቶት አብረው ሊቀብሩኝ ነበር። ስለዚህ ሰይድ ባቲ ድረስ እንዲወርድ ነገርኩትና ባሉጧን ታቅፌ አይሱዙ ላይ ወጣሁ። ኬላ ላይ አስቆሙን።

"አባባ፣ ይሄ ምንድን ነው?"

"ዛፍ።"

"ጫት ነው?"

"ጫት በሽቦ ታስሮ አይተህ ታውቃለህ?"

"ለምን ታሰረ ታዲያ?"

"ቅርጽ እንዲይዝ።"

"ስንት ዓመቱ ነው?"

"ስድስት።"

ፖሊሱ ጓደኛውን ጠራው። "ና እይ! ስድስት ዓመት አስሮ አስርቦት ይሄን አክሏል። እኛ በአርባ ስምንት ሰዓት ፍርድ ቤት አቅርቡ እንባላለን!"

"ወዴት ነው የሚወስዱት?" አለኝ ጓደኛው።

"ብርድ ወዳለበት።"

"እኛንም በወሰዱን" አለና ገመዱን ዝቅ አደረገ።

ባቲ ገበያው ደርቶ ነበር። ሰይድ ጋቢውን ተከናንቦ፣ በላብ ተጠምቆ፣ ግመል ተራው ጋ ቆሞ አገኘሁት። አርጅቷል። ባሉጧን አገላብጦ አያት።

"ጋሼ፣ ያ ሁሉ ወሬ ይህች ናት?"

"ይህች ናት። የዘይነባ ናት።"

ይህን ስለው በሁለት እጁ ያዛት። ውሃው ምን ያህል እንደሆነ፣ ሽቦው እንዳይነካ፣ ቤት እንዳትገባ፣ ውጭ እንድታድር፣ መሬት ላይ እንዳትተከል፣ ሁሉን አስረዳሁት፤ እኔ ሳስረዳ ሳላደክም አልተውም። ሰይድ እሺ አለ። እሱ ሁሌም እሺ ነው የሚለው። ጋቢውን አውልቆ ሳህኗን ጠቀለለባት፤ ሽቅብ ሲሄዱ እስኪሰወሩ ቆሜ አየሁ።

ወራት አለፉ። ስደውል ስልኩ ይጠራል፣ አይነሳም። ጥር ሲገባ አነሳ።

"እንዴት ናችሁ?"

"አልሐምዱሊላህ። ገብሱ ደህና ነበር። ባቄላውን ውርጭ ፈጀው።"

"ስለ ባቄላ አልጠየቅሁህም።"

"ጋሼ፣ ያንተንም ውርጭ መታው" አለኝ። "መጀመሪያ ቅጠሉ ቀላ፣ ከዚያ ቡናማ ሆነ፣ ከዚያ አንድ ሳይቀር ረገፈ። ልክ እንደ ባቄላው።"

ብታምኑም ባታምኑም ከመቀመጫዬ ዘለልኩ። በስድስት ዓመቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ተኝታለች ማለት ነው። ያሰብኩት ሁሉ ልክ ነበር።

"ጎበዝ! እሱን ነው የፈለግሁት! አሁን የት ናት?"

"ነቀልነው።"

"ምን አልክ?"

"ነቀልነው ጋሼ። ሳህኑን ለዶሮዎቹ ውሃ አደረግንበት። ሽቦውን መዳብ ነው ብዬ አስቀምጬልሃለሁ።"

ቅጠሏ እንደሚረግፍ ለምን አልነገርከውም የምትሉኝ ትኖራላችሁ። ዛፍ ቅጠል ያረግፋል ተብሎ ለገበሬ ይነገራል? ውርጭ የመታውን ነቅሎ ለከብት መስጠትን ደግሞ አባታችን ነው ያስተማረን፤ እኔም እርሻው ላይ ቀርቼ ቢሆን ያንኑ አደርግ ነበር።

"ስትሰብራት ውስጧ እንዴት ነበር?" አልኩት።

"ለጋ ነበር" አለ። "አረንጓዴ። እርጥብ። ያኔ ነው የደነገጥኩት። ስልክህን ያላነሳሁት ለዚህ ነው።"

"አብሽር፣ አይዞህ" አልኩት።

"ጋሼ፣ ሌላም ነገር አለ። አትቆጣኝ። የቅሬው፣ የዕድሩ ሰዎች ስለ ዘይነባ እየጠየቁኝ ነው። ይህን ያህል ጊዜ ድምጿ ከጠፋ ለቅሶ እንቀመጥ፣ ዱዓ ይደረግላት፣ ቀን ቁረጥልን ይላሉ።"

"አትቀመጡ።"

"ሰው ምን ይለኛል?"

"አትቀመጡ አልኩህ። አንድም ሰው እንዳይቀመጥ።"

"እስከ መቼ ጋሼ?"

ስልኩን ጆሮዬ ላይ አጥብቄ ያዝኩ። ሰይድ አልዘጋውም፤ ሲተነፍስ ይሰማኛል፤ ከኋላው ነፋስ አለ፣ የአገሬ ቀዝቃዛ ነፋስ።

"አትቀመጡ" አልኩት እንደገና።