የሚስተር ኬንጂ ቀዳዳ ሲኒ

አርብ ጠዋት ከሌክ ሲቲ የተነሳሁት ሰበርኩት ብዬ ያመንኩትን ሲኒ ለማስጠገን ነው። ሲኒው ከሦስት ወር ወዲህ እኔና ሌላ አስታማሚ ሌክ ሲቲ ባለው ቤታቸው በፈረቃ የምንከባከባቸው የጃፓኑ አዛውንት የሚስተር ኬንጂ ነው፤ ከሩዝ የሚጠመቀውን ሳኬ የሚጠጡበት፣ በእጅ የተሠራ የሸክላ ዕቃ። ነገ የባለቤታቸው ሙት ዓመት ስለሆነ ከሣጥን አስወጥተው «እጠቢ» አሉኝ። ሳጥበው ቂጡ ላይ ቀዳዳ አየሁ። ደነገጥኩ። ስትሮክ ከመታቸው ወዲህ ብዙ አይናገሩም፤ እኔም ተረኛዋ ስትተካኝ፣ ሳልነግራቸው፣ ሣጥኑ ላይ በተጻፈው የሠሪዋ አድራሻ ወጣሁ።

አራት ሰዓት

ማውንት ቤከር ጣቢያ መውረድ ሲገባኝ ሲኒውን ሳገላብጥ ባቡሩ ቀጣዩ ጣቢያ ኮሎምቢያ ሲቲ አደረሰኝ። በሦስት ዶላር ሻይ የገዛሁበት ሱቅ ባለቤት፣ ጋሽ ተፈራ የሚባሉ የአገሬ ሰው፣ ጭንቀቴን አዩ። ሲኒውን ባንኮኒው ላይ ባስቀምጠው ቂጡ ሹል ነውና ተንከባለለ።

«ሶ፣ ምን ያስጨንቅሻል ልጄ? ሱፐር ግሉ ሙጫ አለኝ፤ ፊክስ እናደርገዋለን። ማን ያውቅብሻል?»

እሺ ልል ምንም አልቀረኝም። «ኖ ጋሽዬ፣ መጀመሪያ ሠሪዋን ልጠይቅ» ብዬ ሲኒውን አነሳሁ።

ስድስት ሰዓት

ሠሪዋን ናኦሚን ሸክላ መሥሪያዋ ውስጥ ሳገኛት እስከ ክርኗ ጭቃ ነክቷታል። ቀዳዳውን በጣቷ ዳበሰችው።

«አልሰበርሽውም። ስብራት ቢሆን ጠርዙ ይቧጭርሽ ነበር። ይኸው፣ የሚያብለጨልጨው ቅብ ቀዳዳው ውስጥም ገብቷል። ጭቃው እርጥብ ሳለ የበሳሁት እኔ ነኝ።»

«ለምን?»

«በጣት ደፍነው ይጠጡበታል። ሳይጨርሱ ማስቀመጥ የለም።»

በሙጫ ላስደፍነው ነበር እኮ። ሳይቸግር ጤፍ ብድር።

«ያዘዘችው ሚስትየው ናት፤ የበሳሁትም በእሷ ጣት ልክ ነው» አለች።

«የሚጠጣው ማን ሆኖ?»

«እሱ።»

«ታዲያ በእሷ ጣት ለምን?»

«እኔም ጠይቄያት ነበር፤ ሳቀችብኝ።»

ስመለስ መንገዱን በሙሉ ይህን ሳሰላስል ይበልጥ ተደናገርኩ። ሰው እንዴት ገንዘቡን ከፍሎ ቀዳዳ ሲኒ ያሠራል?

ሌክ ሲቲ

ሚስተር ኬንጂን ሳልነግራቸው ሲኒውን ይዤ በመውጣቴ ይቅርታ ጠየቅኋቸው። ሲኒውን ተቀብለው ወደ ሣጥኑ መለሱት።

በማግስቱ፣ በሙት ዓመቱ ዕለት፣ ሲኒውን አፉን ይዘው ወደ እኔ ዘረጉት። ጣታቸውን ቀዳዳው ላይ ያደርጋሉ ብዬ ጠበቅሁ። እሳቸው ደግሞ እኔን ይጠብቃሉ።

«ጣት» አሉኝ።

እኔ መጠጥ የማልነካ ጴንጤ ነኝ። ግራ እንደተጋባሁ በአንድ እጄ ደፍኜ በሌላው ቀዳሁላቸው። ትንሽ ሳኬ በክንዴ ላይ ወረደ። እሳቸው እስኪጨርሱ ሁለታችንም ሲኒውን አለቀቅንም።

«የእሷ ጣት ወፈር ያለ ነበር» አሉ። ከእሳቸው የሰማሁት ረጅሙ ንግግር ይህ ነው።

ጉድለት የመሰለኝን ሁሉ ሳልጠይቅ ለመድፈን እንዳልቸኩል ይህ መንገድ አስተምሮኛል። ሲኒውን እንደገና ሲዘረጉልኝ አውራ ጣቴን አደረግሁበት። ልክ ሆነ።