አባቴ የቀረጸው የታብሌት እስክሪብቶ

አባቴ ከጉሮሮው ቀዶ ጥገና በኋላ ድምፁን አጣ። አርባ ምንጭ አጠገብ ባለችው ቀበሌያችን ላንቴ ሙዝ ከሚያለማው ሰው ሁሉ ወሬ የሚያበዛው እሱ ነበርና፣ እውነቱን ለመናገር፣ መጀመሪያ ላይ ብዙም የተጨነቀ ሰው አልነበረም። እሱ የሚመራው ጸሎት ስለቀረ ምዕመናኑ ምሳው ሳይቀዘቅዝ ቤታቸው መድረስ ጀምረው ነበር። ዝምታው እየከበደን የመጣው ቆይቶ ነው። ያ ሁሉ ጭቅጭቁ፣ ያ ሁሉ ቀልዱ ናፈቀኝ።

መጀመሪያ ወረቀትና እስክሪብቶ ሰጠነው። እናቴ ግን የጻፈውን ቁራጭ ሁሉ ፍራሽ ስር እያስቀመጠች፣ በተጣሉ ቁጥር እያወጣች ታነብለት ጀመር። «ያን ቀን ‹ወጡ ጥሩ ነው› ብለህ አልጻፍክም? ዛሬ ምን ተገኘ?» አባቴ ሰው ሲያስታርቅ የኖረ ሽማግሌ ነው፤ ወረቀት ዞሮ ዞሮ ማስረጃ እንደሚሆን ያውቃል። «ከዛሬ ጀምሮ ወረቀት አልነካም» ብሎ ጻፈ። እናቴ ያቺንም አስቀመጠቻት።

አስተማሪዋ ታናሽ እህቴ ታብሌቷን ሰጠችው። እላዩ ላይ የተጻፈው ወዲያው ይጠፋል፣ ልክ እንደ ወሬ። አባቴ ወደደው፤ ታብሌቱ ግን አባቴን አልወደደውም። የሙዝ ሙጫና የዶማ እጀታ ያደነደኑት ጣት ስክሪኑን ቢነካው ቢነካው ወይ ፍንክች። ጣቱን በምራቁ አርሶ ሲሞክር ደግሞ አንዷ ፊደል ብቻዋን ስክሪኑን ትሞላዋለች።

እንዲህ እያለን የእህቴ እጮኛ በሚቀጥለው እሁድ ሽማግሌ እንደሚልክ አሳወቀ። ለሽማግሌ መልስ የሚሰጠው አባት ነው፤ አባት መናገር ካልቻለ ደግሞ ታላቅ ወንድሙ። የአባቴ ታላቅ ወንድም የሚኖረው ደጋው ላይ፣ ጨንቻ ነው። አቋሙን ግን እታች ቆላ ያለነውም ሰምተነዋል፦ «ታላቋ ቁጭ ብላ ታናሿ አትዳርም!» ታላቋ እኔ ነኝ። አርባ ምንጭ ቢሮዬ ውስጥ በሰላም ተቀምጬ እየሠራሁ፣ ለካስ በእህቴ ትዳር በር ላይ እንደ ቁምሳጥን ተገትሬያለሁ። አባቴ በጋብቻው እንደሚስማማ እናውቃለን። ይሁን እንጂ አጎቴን በእጅ ምልክት ማስቆም አይቻልም፤ በቃልም ተችሎ አያውቅም። አባቴ እሁድ የሚጽፍበት ነገር ካላገኘ የሚናገርለት አጎቴ ነው፣ የአጎቴ መልስ ደግሞ «አይሆንም» ነው።

ስለዚህ አርባ ምንጭ ገበያው ሰፈር፣ ሲቀላ ወርጄ ኤሌክትሮኒክስ የሚሸጥ አንድ የስልጤ ነጋዴ ሱቅ ገባሁ።

«እህቴ፣ ታብሌቱን ይዘሽ መጥተሻል?» አለኝ።

«እስክሪብቶ ሊገዛ ደብተሩን ተሸክሞ የሚዞር ሰው አይተህ ታውቃለህ?»

ሳቀና የእስክሪብቶ ዓይነት ደረደረልኝ። በቻርጅ የምትሠራ ነጭ፣ ቀጭን፣ ሚኒስትር ኪስ ውስጥ የምታምር አንዲት እስክሪብቶ ዓይኔን ሳበችው። «ወላሂ፣ ይቺ ከሁሉም ታብሌት ጋር አትግባባም» ብሎ አስጠነቀቀኝ። እኔ ግን ወድጃታለሁ፣ ገዛኋት። ላንቴ ስትደርስ ቻርጅ ሆነች፣ መብራቷን አበራች፣ ከዚያ በኋላ ምንም አልሠራችም።

በማግስቱ ታብሌቱን ተሸክሜ ተመለስኩ። ነጋዴው ፈገግ ብቻ አለ። በስድብ ቢቀበለኝ ይሻለኝ ነበር። ጫፏ ላይ ክብ ፕላስቲክ ያላትን ሞከርኩ። ጽሑፏ ልቅም ያለ ነው፣ ነገር ግን ያቺ ስስ ፕላስቲክ አባቴ እጅ ላይ አንድ ቀን የምታድር አልመሰለኝም። በመጨረሻ ዘንጉ ብረት፣ ጫፉ ድብልብል ጎማ የሆነውን መረጥኩ። ጽሑፉ ወፈር ቢልም ታብሌቱ ላይ ይሠራል። ቅዳሜ ለአባቴ በኩራት አስረክቤው ውኃ ልጠጣ ወደ ጓዳ ገባሁ።

ስመለስ አባቴ በቢላዋ ጎማውን ቀርጾ ጨርሷል። እሱ በተማረበት ዘመን የደነዘ ነገር አይጻፍበትም፣ ይቀረጻል። የጎማው ልጣጭ መሬት ላይ ተበትኖ፣ እሱ የብረቱን ጫፍ በአውራ ጣቱ ይፈትሻል፤ ፊቱ ላይ ውለታ የዋለልኝ ሰው ደስታ ይነበባል።

«አባዬ! ምን ነካህ!» ብዬ ጮህኩ። ተናድጄ አለቀስኩ። በማግስቱ አጎቴ በእህቴ ዕድል ላይ ቆሞ ንግግር ሲያደርግ ከወዲሁ ታየኝ።

«ኤጭ! በአንድ እስክሪብቶ እንዲህ ትሆናላችሁ?» አለች እናቴ። እሷ የሸማኔዎቹ አገር የጨንቻ ልጅ ናት፣ ጥጥ ከእጇ አይጠፋም። ባዘቶ ቆንጥራ ብረቱ ጫፍ ላይ ጠቀለለችና በክር ጥፍር አድርጋ አሰረችው። እስክሪብቶው የጆሮ መጥረጊያ መሰለ። አባቴ ድሮ እርሳስ እንደሚያደርገው ጥጡን ምላሱ ላይ አራሰና ስክሪኑን ነካው። ጻፈ! ምክንያቱን አትጠይቁኝ፣ እኔም አልጠየቅኩም።

እሁድ ሽማግሌዎቹ መጡ። አጎቴ የጨንቻ ካፖርቱን በዚያ ሁሉ ሙቀት ላለማውለቅ ቆርጦ፣ ላቡን እየጠረገ ከአባቴ ጎን ተቀመጠ። ሽማግሌዎቹ የመጡበትን ጉዳይ ተናግረው ሲጨርሱ አጎቴ ጉሮሮውን ጠራረገ። «እንግዲህ እኛ ቤት ሥርዓት አለ፤ ታላቅ እያለች...»

አባቴ በብረቱ ጠረጴዛውን ኳ ኳ አደረገው። ጥጡን ምላሱ ላይ አራሰና ቀስ ብሎ መጻፍ ጀመረ። እህቴ ጓዳ በር ላይ ሆና እጄን ጨምድዳ ይዛለች። አባቴ ሲጨርስ ታብሌቱን ለእኔ ይሰጠኛል ብዬ ስጠብቅ ለአጎቴ ሰጠው። አጎቴ ሰው ፊት ማንበብ ነፍሱ ነው። ድምፁን ከፍ አድርጎ ጀመረ፦

«ይህን የሚያነበው ወንድሜ አንብቦ ሲጨርስ ዝም ይላል። ታላቋ ባል ስትፈልግ ራሷ ታመጣለች። ታናሿ አምጥታለች። ልጄን ሰጥቻለሁ።»

የሚያነበው ነገር የገባው አንብቦ ከጨረሰ በኋላ ነው። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ሳቁን በሳል ሸፈነ። ሌላው «አሜን!» አለ፣ ቤቱም ተከተለው። እህቴ አለቀሰች። አጎቴ ያን ጊዜ ካፖርቱን አወለቀ።

እንግዶቹ ሲሄዱ አባቴ እንደ ልማዱ ጽሑፉን ሊያጠፋ ሲል እናቴ እጁን ያዘችው።

«ይቺን እንኳ ተዋት» አለችው።

አባቴ ትንሽ አያት። ከዚያ ወረቀትና ተራ እስክሪብቶ እንዳመጣለት በእጁ ጠቀሰኝ። ቃል በቃል ገለበጠውና ከስር «ለክስ አይሆንም» ብሎ ጨመረበት። እናቴ አነበበችው፣ አጠፈችው፣ ፍራሹን ገልጣ ከሌሎቹ ጋር አስቀመጠችው።